አርፋጁ ሰዓት ያላሰረው ነው ያለው ማነው?

ለሦስት ሰዓት የተጠራ ስብሰባ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሲጀመር አወያዩ ይቅርታ አይጠይቅም። ፈገግ ብሎ «ያው የሐበሻ ቀጠሮ ነው» ይላል፤ አዳራሹም አብሮት ይስቃል። ሠርግ ደጋሹ ካርዱ ላይ ስድስት ሰዓት ብሎ ያጽፍና ምግቡን ለስምንት ሰዓት ያዘጋጃል፤ ተጋባዡም ይህንኑ ስለሚያውቅ በስምንት ሰዓት ይደርሳል። ሁሉም የሚያውቀው፣ ሁሉም የሚስቅበት፣ ማንም የማይጠየቅበት ጥፋት ነው።

ከሳቁ ጀርባ ግን የከረረ ፍርድ አለ። ሥልጠና ሰጪው፣ አነቃቂ ተናጋሪው፣ የሬዲዮ እንግዳው፣ ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣው ዘመድ የሚስማሙበት ፍርድ ነው፦ ኢትዮጵያዊ ጊዜን አያውቅም፤ የገጠሩ ደግሞ ከነጭራሹ አያውቅም፤ ክንዱ ላይ ሰዓት ስለሌለ ቀኑ እንደ ዋዛ ያመልጠዋል፤ ድሃ የሆነውም ለዚህ ነው። መድኃኒቱም ወዲያው ይታዘዝለታል፦ ሰዓት እሰር፣ ደቂቃ ቁጠር፣ ስለ ጊዜ ተጨነቅ።

ፍርዱ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ማርፈድ የለም ማለት አይደለም፤ አለ፤ ያውም ሰው የሚያጉላላ፣ ሲብስም ሰው የሚገድል ማርፈድ አለ። የተሳሳተው የተከሳሹ ማንነት ነው። ሰዓት ሳያስር የሚኖረው ሰው ጉዳዩ ላይ አያረፍድም። የሚያረፍዱት የሰዓት እጥረት ኖሮባቸው የማያውቁት ናቸው።

በቀላሉ ከሚታየው እንጀምር። የሰዓት አለመኖር የማርፈድ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ማርፈድ እስካሁን በጠፋ ነበር። የጃፓኑ ሴይኮ ኩባንያ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ያቀረበው ታኅሣሥ 16 ቀን 1962 ሲሆን፣ ዋጋው በዚያን ጊዜ አንዲት ትንሽ መኪና ይገዛ ነበር። ዛሬ የኳርትዝ ሰዓት መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል። የእጅ ስልክ ደግሞ የሰዓቱን ነገር ጨርሶታል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ የደንበኞቹ ቁጥር 78.3 ሚሊዮን መድረሱን አስታውቋል። ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ሰዓት ይዟል፤ ያውም የማይሞላ፣ የማይዘገይ ሰዓት። ስብሰባው ግን አሁንም የሚጀመረው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ከደሴ በስተምዕራብ ወደ አቀስታና ወደ መካነ ሰላም የሚያወጣው መንገድ የሚያቋርጠው ደጋ ለዚህ ክርክር ጥሩ ምስክር ነው። አቀስታ የለጋምቦ ወረዳ ከተማ ናት፤ መካነ ሰላም የቦረና። ከፍታው ከ3 ሺህ ሜትር የሚያልፍበት፣ ገብስና በግ የሚበዛበት፣ ከመስከረም ወዲያ ሌሊቱ ውርጭ የሚሆንበት አገር ነው። እዚህ ሰዓት ያላሰረ ገበሬ ሞልቷል። ቀኑ የት እንደደረሰ የማያውቅ ገበሬ የሚፈልግ ግን ብዙ መንከራተት አለበት።

ምክንያቱ ሰማዩ ላይ ነው። አገሩ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ነው። ለንደን ላይ ይኸው ልዩነት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይጠጋል። የለንደን ሰው በፀሐይ ልተዳደር ቢል በክረምቱ ሥራው ሳያልቅ ይጨልምበታል፣ በበጋው ደግሞ እንቅልፉን ሳይጠግብ ይነጋበታል፤ ስለዚህ ሰዓት ቢያበጅ አይገርምም። የለጋምቦ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል እኩል የሆነ ቀን አለው፤ ፀሐይ ስትወጣ ቀኑን ይጀምራል፣ ስትገባ ይዘጋል። ሌላው ቀርቶ የቀትር ጥላ ወቅቱን ይነግረዋል። በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንትና በነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ፀሐይ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ ትቆምና ጥላ እግር ሥር ይገባል። በነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በተረፈው ዓመት ወደ ሰሜን። ነሐሴ ላይ ጉሙ ፀሐይዋን ሲጋርዳት ችግር ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ዶሮው ይጮሃል፣ ጥጃው እናቱን ይጣራል፣ ከብቱም የመግቢያውን ሰዓት አይረሳም።

ይህ የግምት ኑሮ የሚመስለው ሰው ካለ መስጊድ ግቢ ውስጥ ይግባ። ቀጥ ያለ ዘንግ መሬት ላይ ተተክሎ ጥላው ይለካል። ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል የዙሁር ሶላት ገባ ይባላል። የዘንጉ ጥላ በቀትር ከነበረው ርዝመት ላይ የዘንጉን ያህል ሲጨምር በሻፊዒ መዝሀብ የአስር ሶላት ይገባል፤ በሐነፊ መዝሀብ እጥፍ እስኪሆን ይጠበቃል፤ በወሎ ሁለቱም መዝሀቦች የታወቁ ናቸው። መግሪብ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ኢሻ የምዕራቡ ሰማይ ቅላት ሲጠፋ፣ ሱብሂ ጎህ ሲቀድ ነው። ዛሬ ብዙው መስጊድ የታተመ የሰዓት ሰሌዳ አለው፤ ሰሌዳው የተሠላው ግን በዚያው በጥላውና በሰማዩ ምልክት ነው። በቀን አምስት ጊዜ፣ ዕድሜ ልኩን ቀጠሮ የሚያከብር ሰው ጊዜ አያውቅም የሚባለው በየትኛው ሚዛን ነው?

ቤተ ክርስቲያኑም ዘንድ ነገሩ ያው ነው። በግዕዝ የሐሳበ ዘመን መጻሕፍት ውስጥ የሰው ጥላ በየወሩና በየሰዓቱ ስንት ጫማ እንደሚሆን የተሰደረበት ሠንጠረዥ አለ። አንድ ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ የራሱን ጥላ በራሱ እግር ይለካል። ረጅም ሰው ጥላውም እግሩም ይረዝማል፣ አጭሩም በዚያው ልክ ያንሳል፤ ስለዚህ ልኬቱ ለሁሉም ይሠራል፤ መሣሪያው ደግሞ አይጠፋም፣ አይሰበርም። ጿሚው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመው፣ ቀዳሹም የሚገባበትን ሰዓት የሚያውቀው እንዲህ ነበር። ከዚህም በላይ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ እስከ ዛሬ የምትጸልይበትን መጽሐፈ ሰዓታት የደረሱት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የዚሁ አገር ሰው ናቸው። የተማሩት ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው፤ ስማቸው የተጠራበት ጋስጫ ገዳምም በዚሁ በቦረና ምድር ይገኛል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ የእጅ ሰዓት ባልታሰበበት ዘመን፣ ሌሊቱንና ቀኑን በጸሎት ሰዓት የከፈለ ድርሰት ከዚህ ደጋ ወጥቷል። ጊዜን አያውቅም የሚባለው ሕዝብ ይህ ነው።

እሺ፣ ጸሎት የእግዚአብሔር ቀጠሮ ነው፤ የሰው ለሰው ቀጠሮስ? ቅሬን ማየት ነው። ወሎ ውስጥ እድሩን ቅሬ ይሉታል፤ በብዙ ቦታ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ላይ ያሉበት ነው። ሰው ሲሞት ጥሪ ይደረጋል፤ ጉድጓድ የሚቆፍረው፣ አልጋ የሚሸከመው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ እንጀራ የሚጋግረው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ሬሳ አያድርም፤ በተለይ ለሙስሊሙ ቀብር መፍጠን ግዴታ ነው። ያልመጣ ይቀጣል፣ ደጋግሞ የቀረ ከቅሬው ይወጣል፤ ከቅሬ መውጣት ደግሞ በዚያ አገር ቀላል ቅጣት አይደለም። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መቶ ሰው ተጠራርቶ፣ ሥራ ተከፋፍሎ፣ ቀብሮ ይመለሳል። ሰዓት የሚያይ ሰው ብዙም የለበትም። በደቦም እንዲሁ ነው፤ ሰው ለእርሻ ወይም ለአጨዳ የተጠራራ ዕለት ፀሐይ ሳትበረታ ማሳው ላይ ይገኛል፣ የሱም ተራ ይመጣልና።

ለሠርግ የሚያረፍደው ሰው ለቀብርና ለደቦ የማያረፍደው በመካከሉ ሰዓት ገዝቶ አይደለም። ቀብሩ ያለ እሱ አይሆንም፤ እሱ ሲዘገይ ነገ ለሱ የሚዘገይ አለ። ሠርጉ ግን እሱን ጠብቆ አያውቅም። ሰው የሚያከብረው ቀጠሮ መከበሩ ለሱም የሚመለስለትን ነው፤ አገር ሙሉ የሚጠራበት «የጊዜ ባህል» ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

ገበሬው በደቂቃ የማይቸኩለው ጊዜ ስለማይገደው ሳይሆን ጊዜ የሚያመልጠው በሌላ መልክ ስለሆነ ነው። የለጋምቦ ደጋ በልግ ላይ የተንጠለጠለ አገር ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ በሁለት ሳምንት ቢዘገይ ገብሱ ሳይደርስ ክረምት ይገባል፤ የመኸሩ ሰብል ከዘገየ ደግሞ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ እሸቱን ያቃጥለዋል። ይህን ስሌት በየዓመቱ የሚሠራ ሰው፣ አንድ ቀን ቢሳሳት ልጆቹ የሚራቡበት ሰው፣ ከቢሮ ሠራተኛው ይልቅ ጊዜን በቅርብ ያውቃል። የሚያየው ግን ሰማዩን ነው።

እርግጥ ነው፣ ሰዓት የሌለው ኑሮ የዕረፍት ኑሮ አይደለም። የደጋዋ ሴት ቀን ከማንም ቀን ይረዝማል። ኩበት ትለቅማለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ እህል ተሸክማ ወፍጮ ቤት ወረፋ ትይዛለች፣ በየመንገዱም እንዝርቷ አይለያትም፤ የበግ ፀጉር እየፈተለች ትሄዳለች። ጊዜ አጣች የሚላት ሰው ትክክል ነው። የእጅ ሰዓት ግን አንዲት ደቂቃ አይጨምርላትም። ጊዜ የሚጨምርላት ቅርብ የሆነ የውኃ ቦኖና ቅርብ የሆነ ወፍጮ ነው። የጊዜ አጠቃቀም ሥልጠና ለሷ መስጠት እግሯን እየረገጡ ፍጠኚ እንደማለት ነው።

እንግዲህ አርፋጁ ማነው? ፍለጋው ከመናኸሪያ ይጀመር።

ከአቀስታ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ይገኛል። ጋቢውን ተከናንቦ፣ እቃውን እግሩ ሥር አድርጎ ይቆማል። ረዳቱ «ደሴ! ደሴ! የቀረ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። የቀረው ግን አንድ ሰው አይደለም፤ ስምንት ወንበር ባዶ ነው። ሁለት ሰው ሲገባ አንዱ ሻይ ሊጠጣ ይወርዳል። አንዷ ልጇን አዝላ ከፊት ተቀምጣለች፤ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት። አንድ ሰዓት ይሆናል፤ አንድ ተኩል፤ ሁለት። መኪናው የሚወጣው ሲሞላ ነው። ተሳፋሪው በጊዜ መጥቷል፤ ያውም ሁሉም። ሹፌሩንም መርገም ፍርድ ማዛባት ነው፤ ባዶ ወንበር ይዞ ወጥቶ ነዳጁን ከየት ያመጣዋል? መነሻ ሰዓት የሚባል ነገር ያላበጀው ሥርዓቱ ነው። በማግሥቱ ያቺ እናት ሆስፒታሉ በር ላይ «ቀጠሮሽ አልፏል» ስትባል ግን ጥፋቱ በሷ ስም ይመዘገባል፤ ጊዜ የማታውቅ ባላገር ትባላለች።

ሁለተኛው ቦታ ቢሮ ነው። የመንግሥት ሥራ ሰዓት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የታወቀ ነው፦ ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከሰዓት ከ7:30 እስከ 11:30። በየግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ ይህ አገልግሎት በ15 ደቂቃ፣ ያኛው በ30 ደቂቃ ይሰጣል ይላል። አጠገቡ የግድግዳ ሰዓት አለ። ባለጉዳዩ ከሁለት ቀበሌ ማዶ በእግሩ መጥቶ ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ተቀምጧል። አራት ሰዓት ላይ ይነገረዋል፦ «አባባ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይምጡ።» ለሱ ነገ መምጣት አንድ የእርሻ ቀን ነው። ለኃላፊው ግን የአባባ ቀን ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ቢኖረው ኖሮ በስብሰባ አይለውጠውም ነበር። በዚያ ኮሪደር ውስጥ ሰዓት ያሰረው የሚያስጠብቀው ነው፤ የሚጠብቀው ባዶ እጁን ነው።

ሦስተኛው ሴፍቲኔት ነው። የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ሲጀመር ሐሳቡ ራሱ ስለ ጊዜ ነበር፦ እርዳታ ረሃብ ከገባ በኋላ ከሚደርስ፣ አስቀድሞ በታወቀ ወር ይድረስ። ተጠቃሚው በወር አምስት ቀን ይሠራል፤ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል። ቀኑን ሊያጎድል አይችልም፤ ስሙ ይጠራል፣ የቀረ አይከፈለውም። ክፍያው ግን በብዙ ቦታ በወራት እየዘገየ እንደደረሰ የፕሮግራሙ ግምገማዎች ራሳቸው ደጋግመው ጽፈዋል። ሥራውን ዛሬ የሠራ ሰው ክፍያው እስኪመጣ በጉን ይሸጣል፣ ይበደራል። ስሙ የሚጠራበት መዝገብ አለ፤ ክፍያውን ያዘገየው የሚጠራበት መዝገብ ግን የለም።

ይህ ሁሉ ማጉላላት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ይሆናል። ወሎ ግን የማርፈድን ዋጋ በሕይወት የከፈለ አገር ነው። በሚያዝያ 1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን ረሃብ በፎቶግራፍ አምጥተው ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ አሳዩ። ይህንኑ ረሃብ የሚያሳየው የጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት 1966 ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት ከዚያ በኋላ፣ በኅዳር ነው። እኚህ ንጉሥ ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃን መጠን የሚያሳይ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት ባለቤት ነበሩ፤ ሰዓቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ከ2 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጧል። ለወሎ ግን ያ ሁሉ ትክክለኛነት አልደረሰም።

አሥር ዓመት አለፍ ብሎ ታሪኩ ተደገመ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለጋሾችን ሰብስቦ የሚመጣውን አስጠነቀቀ። ለጋሾቹ አመነቱ። ደርግም በመስከረም 1977 አሥረኛውን የአብዮት በዓል በድምቀት አከበረ። ዓለም የደነገጠው ቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን 1977 የማይክል ቡርክን ዘገባ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ሲያሰራጭ ነው። ከማስጠንቀቂያው እስከዚያ ቀን ሰባት ወር ገደማ አለፈ። ገበሬው የዝናቡን መቅረት በየካቲት ያውቀው ነበር፤ እሱ አላረፈደም። ያረፈዱት ሚኒስቴሮች፣ ኤምባሲዎችና ድርጅቶች ሲሆኑ፣ ከነሱ መካከል ሰዓት ያልነበረው አንድም አልነበረም።

የሰዓት ሰባኪዎች አውሮፓን መጥቀስ ይወዳሉ፤ አውሮፓ የበለጸገችው ሰዓት ስላከበረች ነው ይላሉ። የአውሮፓን ታሪክ ያጠኑት ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነገር ነው የጻፉት። እንግሊዛዊው የታሪክ ሊቅ ኢ. ፒ. ቶምፕሰን በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የእንግሊዝ ሠራተኛም ከፋብሪካ በፊት እንደ ገበሬያችን በሥራው ልክ የሚኖር ሰው ነበር። የሰዓት ሥርዓት የገባው ሠራተኛው ፈልጎት ሳይሆን በቅጣት፣ በደወልና በደመወዝ ቆረጣ ነው። በስኮትላንድ የዳንዲ ፋብሪካዎች ደግሞ አሠሪዎች ሰዓቱን ጠዋት ወደ ፊት፣ ማታ ወደ ኋላ ያዞሩት እንደነበር የዘመኑ ሠራተኛ መስክሯል፤ ሠራተኛውም ይህን እንዳያጋልጥ ሰዓት ይዞ መግባት ያስፈራው ነበር። ያን ጊዜ ሰዓት ያልያዘው ሠራተኛ ስንፍና አልነበረበትም። አሠሪው ነበር እንዳይይዝ የሚፈልገው።

ተቃዋሚው እዚህ ላይ ጠንካራ መልስ አለው፤ ሊሰማም ይገባል። የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ መድኃኒት በሰዓቱ ካልተዋጠ ይጎዳል። ቀዶ ሕክምና፣ አውሮፕላን፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና በ«ረፋድ ላይ» አይሠራም። ከ2010 በኋላ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ተማሪ የሚቀበለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ክፍለ ጊዜን በጥላ አይከፍልም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ልብ ይባል፦ እነዚህ ሁሉ የጋራ ሰዓት ይፈልጋሉ፤ ደወል፣ አዛን፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ስልክ ላይ የተሞላ ማንቂያ ይበቃቸዋል። ሰው ሁሉ ክንዱ ላይ ሰዓት አስሮ በየአምስት ደቂቃው እንዲጨነቅ አንዱም አይጠይቅም።

ስለ ኢንዱስትሪ የሚነሳውም ክርክር እንዲሁ ሲመረመር ሌላ ሆኖ ይገኛል። በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከወሎ ገጠር የሚመጡ ወጣቶችን በፈረቃ ያሠራል። እንዲህ ባሉ ፓርኮች ዙሪያ የሚሰማው ወቀሳ «ሠራተኛው የሰዓት ዲሲፕሊን የለውም፣ ይቀራል፣ ይለቃል» የሚል ነው። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ማዕከል በ2019 እ.ኤ.አ. በሐዋሳው ፓርክ ላይ ያወጣው ዘገባ ግን ሌላውን ግማሽ አሳይቷል፦ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ የቤት ኪራይና ምግብ ተከፍሎበት የሚተርፍ አልነበረም። 26 ዶላሩን ትታ የሄደችን ልጅ ጊዜ አታውቅም ማለት አይቻልም። የሷ ጊዜ ስንት እንደሚያወጣ አስልታ ነው የሄደችው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ሌቪን በ31 አገሮች የሰውን እርምጃ ፍጥነት፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛን ቅልጥፍናና የባንክ ሰዓቶችን ትክክለኛነት ለክቶ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ስዊዘርላንድ አንደኛ፣ ሜክሲኮ መጨረሻ ወጣች። ፈጣኖቹ አገሮች ሀብታሞች ናቸው፤ በኑሯቸው ረክተናል የሚሉትም በርከት ይላሉ፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው የሚበዛውም እነሱ ዘንድ ሆኖ ተገኘ። ፍጥነት ዋጋ አለው፤ ዋጋውም የሚከፈለው በሰው አካል ነው። ድህነታችን ሳይቀረፍ ጭንቀታቸውን ብቻ አስመጥተን እንታጠቀው የሚለው ምክር የተበላሸ ንግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስዊዘርላንድን ስዊዘርላንድ ያደረገው የሰዎቿ ክንድ ላይ ያለው ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ባቡሩ ባዶ ወንበር ይዞም ቢሆን በሰዓቱ መነሳቱ ነው።

ሰዓት ማውለቅ ለከተማው ሰው ምን ይሰጠዋል የሚለው ጥያቄም መልስ ይፈልጋል። ከቀጠሮ መቅረት አይሰጠውም፤ ቀጠሮውን ቀድሞ መያዝን ግን ያስተምረዋል። ሰዓት ያሰረ ሰው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይቆያል፤ ሃያ ደቂቃ አለኝ ብሎ አንድ ስልክ ይጨምራል፣ አንድ ወሬ ይጨምራል፣ ከዚያ ታክሲ ወረፋ ላይ ላብ ያጠምቀዋል። የሌለው ሰው ግን ጠርዝ ላይ መቆም ስለማይችል አስቀድሞ ይነሳል። ገጠሬው መናኸሪያ ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ፍርድ ቤት ገና በሩ ሳይከፈት የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ሰዓት የማይጨነቀው ሰው በጊዜ የሚደርሰው መጨነቁን ትቶ ቀድሞ በመምጣቱ ነው። የሚጨነቀው ደግሞ እየተጨነቀ ያረፍዳል።

በዕረፍት ቀን፣ ቀጠሮ በሌለበት ከሰዓት በኋላ ሰዓቱን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ የሚከት ሰው የሚያጣው ነገር የለም። ሲርበው ይበላል፣ ጨዋታው ሲያልቅ ይነሳል፣ ሲመሽ ይመሽለታል። ለመነሻ ይህ ይበቃል።

ዋናው ጥያቄ ግን ወደ ግለሰቡ ክንድ መሄድ የለበትም። የሐበሻ ቀጠሮ የሚባለውን ለማጥፋት ከልቡ የሚፈልግ ካለ ገበሬውን ይተወውና ከሦስት ነገር ይጀምር። መናኸሪያዎች ቢያንስ ለመጀመሪያው የጠዋት መኪና የተቆረጠ መነሻ ሰዓት ያውጡ፤ የባዶ ወንበሩንም ኪሳራ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ከባለ መኪኖቹ ጋር ይካፈል። የሴፍቲኔት ክፍያ በዘገየ ቁጥር የዘገየበት ቀንና ያዘገየው አካል በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም በየሩብ ዓመቱ ስንት ባለጉዳይ እንዳስተናገዱ ሪፖርት ሲያደርጉ፣ እያንዳንዱ ባለጉዳይ በር ላይ ስንት ሰዓት እንደጠበቀና ስንት ቀን እንደተመላለሰ የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ይጨመርበት።